የእትዬ ዘይነባ ምላስ

እትዬ ዘይነባ ማረፋቸውን የነገረኝ ባጃጅ ነጂ ነው። ፋሲካ ካለፈ ብዙም አልቆየም፤ ደጄ ላይ ተቀምጬ ጌሾ እከትፍ ነበር። ሞተሩን ሳያጠፋ አንገቱን ብቅ አደረገና «አስካለ፣ ባለማሯ እትዬ ዘይነባ አረፉ፤ ከዙህር ሶላት በፊት ይቀበራሉ» ብሎኝ ሄደ። እኔም «ነፍስ ይማር» አልኩና ከተፋዬን ቀጠልኩ። ጌሾው ሲያልቅ እጄን ታጠብኩ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ለበስኩ፣ በሩን ቆለፍኩ። ቁልፉ አልዞር ብሎ እንዳስቸገረኝ አስታውሳለሁ። ሌላ የተሰማኝ ነገር የለም።

ለቅሶ ቤት ከሴቶቹ መሀል ተቀመጥኩ። ሲያለቅሱ አየኋቸው። የእኔንም እንባ ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ከተማችን ሮቢት ባለፉት ዓመታት ያየችውን አይታለች፤ መንገዱ ሲዘጋ፣ ሰው ጓዙን ጠቅልሎ ሲወጣና ሲመለስ ከርሞ፣ ከዚያ ወዲህ ማልቀስ የሚባል ነገር ከእኔ ሄዷል። ጎረቤቶቼ «አስካለ ጠንካራ ናት» ይሉኛል። ጥንካሬ አይደለም። እግር ሲደነዝዝ እንደሚሆነው ነው፤ እግርህ መሆኑን ታውቃለህ፣ ሲነኩህ ግን አይሰማህም። ለእኛ ለክርስቲያኖቹ ለብቻ የተሠራ ሽሮ አቀረቡልን። በላሁ። ጨው ይኑረው አይኑረው አላውቅም።

እትዬ ዘይነባ መናኸሪያው አጠገብ፣ የአዲስ አበባና የደሴ መኪኖች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ማር ይሸጡ ነበር። የእኔ ጠጅ ቤት ከሱቃቸው ጀርባ ነው። ረጅም፣ ቀጭን ሴት ነበሩ፤ ሲስቁ አፋቸውን በሻርፓቸው ጫፍ ይሸፍናሉ። ማር ሲቀምሱ ግን ሌላ ሰው ይሆናሉ። በትንሿ ጣታቸው ጫፍ ነካ አድርገው ምላሳቸው ላይ ያኖሩና፣ ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው ያዞራሉ። ያን ጊዜ የሚያናግራቸው ሰው ወዮለት! ገበሬው ባልዲውን ይዞ ቆሞ ይጠብቃል። ፊታቸውን ሲመልሱ ከአፋቸው የሚወጣው የአገር ስም ነው። «ይሄ ከማጀቴ ወዲህ ነው፤ ቁልቋል አግኝቶታል» ይላሉ። አንዳንዴ ይስታሉ። ሲስቱ ደግሞ ገበሬውን «እርግጠኛ ነህ? ንብህን ጠይቀሃታል?» ብለው ያስቁታል።

«ማር አገሩን ይዞ ነው የሚመጣው» ይሉ ነበር። «ንብ የዋለችበትን አትደብቅም።»

ጠጅ ቤቱን ከእናቴ ስረከብ ለእኔ ማር ማለት ማር ነበር። ይጣፍጣል፣ አለቀ። ቀይ ማርና ነጭ ማር መኖሩን አውቃለሁ፤ ለምን ቀላ፣ ለምን ነጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም። እትዬ ዘይነባ መጀመሪያ ማር የሸጡልኝ ቀን «እኔ የምሸጥልሽ ማር ነው፤ ከዚያ በኋላ የምታደርጊው በአንቺና በፈጣሪሽ መሀል ነው» አሉኝ። ጠጅ የሚለውን ቃል በአፋቸው አይጠሩትም። «ያ ውኃሽ እንዴት ሆነ?» ነው የሚሉኝ። ብርዙን ግን ገና ጌሾ ሳይነካው በብርጭቆ ያስመጡና ይጠጡታል፤ በብርዙ ነው ማሩን ዳግም የሚመረምሩት። ፋሲካ ሲያልፍ ደግሞ በደጃቸው ባለፍኩ ቁጥር ይቀልዱብኛል፦ «በሉ ሃምሳው ቀን ገባላችሁ፤ የረቡዕ ጾም የለ፣ የዓርብ ጾም የለ፣ አሁንማ ውኃሽን ማን ይችለዋል!»

አንድ ጊዜ ምክራቸውን አልሰማሁም። ከመስኖው ዳር እርሻ ያለው ሰው መልኩ እንደ ወርቅ የሚያበራ ማር አመጣልኝና ከእሱ ገዛሁ። እትዬ ዘይነባ ባልዲውን ከፍተው አሸተቱና «አስኩ፣ ይሄን ለወጥ ካልፈለግሽው አስቀምጠሽ አክርሚው» አሉኝ። ከእሳቸው ስላልገዛሁ ነው ብዬ ጠጁን ጣልኩ። ደርሶ ስቀዳ የመጀመሪያው ደንበኛዬ ብርሌውን አፍንጫው ላይ አቆመና «ዛሬ ዶሮ ወጥ ሠርተሻል እንዴ?» አለኝ። ንቦቹ ለዘር የተተወ ሽንኩርት አበባ ላይ ነው የከረሙት። ወሬው በሮቢት ባጃጅ ሁሉ ተዳረሰ፤ ቤቴም «ቁሌት ቤት» ተባለ። እትዬ ዘይነባ ሻርፓቸው እስኪረጥብ ሳቁና «ንቧ ምን ታድርግ! አገሩ የሽንኩርት ነው። ሽታው እኮ ሲከርም ይለቃል፤ የአንቺ ችኮላ ነው ያላስለቀቀው» አሉኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሳላስቀምሳቸው ማር አልገዛሁም።

ምላሳቸው የሆንኩት ግን በረመዳን ነው። ረመዳን በግንቦትና በሰኔ በሚውልባቸው ዓመታት ገበሬው ማሩን የሚያመጣው በቀን ነው፤ እሳቸው ደግሞ ጾመኛ ናቸው፤ ጠብታ አይነኩም። ሌሎቹ ነጋዴዎች ገበሬውን «ከአፍጥር በኋላ ና» ይሉታል። እትዬ ዘይነባ የሩቅ አገር ሰው ማሩን ይዞ እስኪመሽ ፀሐይ ላይ መቀመጡን አይወዱም። በጓሮ በር ብቅ ብለው «አስኩ፣ ምላስሽን ይዘሽ ነይ» ብለው ይጠሩኛል።

እኔ እቀምሳለሁ፤ እሳቸው ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡኛል። መጀመሪያ ላይ «ይጣፍጣል» እላለሁ። «እሱንማ ንቧም ታውቃለች» ይሉኛል። «መጀመሪያ የት ነካሽ? ጫፍሽን ወይስ ጎንሽን? ቶሎ ሄደ ወይስ ቆየ? ሲወርድ ጉሮሮሽን ምን አለው?» እንዲህ እያሉ ምላሴን እንደ ሰፈር አስጎበኙኝ። «ሲወርድ በርበሬ እንደ ቀመሰ ሰው ያቃጥለኛል» ስል «ቁልቋል ነው፤ ከማጀቴ አቀበት ነው» ይላሉ። «መጨረሻው መረር ይላል» ስል «ግራዋ አብቧል ማለት ነው» ይላሉ። «ለስላሳ ነው፤ ምንም አይጎረብጥም፤ ወደ ኋላ ሽታም የለው» ካልኩ «የእኛው የቆላው ግራር ነው፤ እሱ ጨዋ ነው» ብለው ፈገግ ይላሉ። ግራርን ይወዱታል። ተምር ተምር የሚለው የቁርቁራ ማር ሲመጣ ደግሞ ለሕመምተኛ ተብሎ ለብቻው ይቀመጣል፤ ለዚያ ውኃዬ አይሰጥም።

ሁላችንም አፍና አፍንጫችንን ሸፍነን በምንሄድበት ጊዜ እትዬ ዘይነባ ታመሙ። ትኩሳቱ አልጋ ላይ ጣላቸው፤ አንድ ሰሞን ተስፋ ተቆርጦባቸውም ነበር። ዳኑ። ወደ ሱቃቸው ሲመለሱ ልብሳቸው ሰፍቷቸው ነበር። የመጀመሪያው ገበሬ ማር ይዞ ሲመጣ በጓሮ በር ጠሩኝ። ረመዳን አልነበረም። «ዛሬ ሰኞ ነው፤ ሱና እየጾምኩ ነው» አሉኝ። ቀመስኩላቸው። ሐሙስም እንደዚሁ። ቀጥሎ «በሕመም የፈታሁት ጾም አለብኝ፤ ቀዷውን ላውጣ» አሉ። ቀዷው አላልቅ አለ። ማር በመጣ ቀን ሁሉ ጾም ናቸው። እኔ ክርስቲያን ነኝ፤ የእነሱን ጾም ከየት አውቄ! ሃይማኖት ጠበቅ አደረጉ ብዬ ተውኩት። እውነቱን ለመናገር መጠራቴም ደስ ይለኝ ነበር። ግን እየከሱ ነበር። ምሳ ሲበሉ አይቻቸው አላውቅም ነበር፤ ሻይ እንኳ።

እንዲህ እያልን ቆየን። ሰው ሁሉ የእትዬ ዘይነባን ፍርድ ይዞ ይሄዳል። በመንገዱ ላይ «እትዬ ዘይነባ ቀምሰውታል» ከተባለ ማሩ አያድርም። ቀማሿ እኔ መሆኔን የሚያውቁት «ጾመኛ ስለሆኑ ነው» ይላሉ።

ነገር የመጣብን በአረፋ ሰሞን ነው። የታረዱት በጎች ቆዳ ገና አጥር ላይ ነበር። የእትዬ ዘይነባ ወንድም ልጅ ከድር ከታች መንገዱ ዳር ለመንገደኛ ማር በጠርሙስ ይሸጣል። አንድ ባልዲ ተሸክሞ፣ ጋሽ ደምሴ የሚባሉ የጣርማ በር ገበሬ ከኋላው አስከትሎ፣ ከእነሱ ኋላ ደግሞ ወሬ የሚወድ ሰው ተከትሎት እየጮኸ መጣ።

«አክስቴ፣ እኚህ ሰውዬ ስኳር ሸጡልኝ» አለ። «ይኸው ይዩት፤ ነጭ ሆኖ ረግቷል። መንገደኞቹ አጭበርባሪ ብለው ጠርሙሱን ወረወሩብኝ!»

ጋሽ ደምሴ ጋቢያቸውን ትከሻቸው ላይ ሰብስበው ቆሙ። በዚያ ሙቀት ጋቢ ለብሰዋል፤ ከብርድ አገር ወርደው ማውለቅ አላሰቡም። «እኔ ስኳር ለሻይም ቸግሮኛል» ሲሉ ሰው ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም። «በጥቅምት የቆረጥኩት ማር ነው፤ አቆይቼው ነው። እትዬ ዘይነባ ይቅመሱት። ስኳር ነው ካሉ ባልዲዬን እዚሁ ደፍቼ እሄዳለሁ፤ ዳግም ሮቢት አልወርድም።»

ነገሩ ቀልድ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ማር በስኳር ያቀላቅላል የተባለ ሰው፣ ከዚህ እስከ ተራራው ጫፍ ድረስ ባልዲውን የሚከፍትለት የለም።

እትዬ ዘይነባ ባልዲውን ከፈቱ። አዩት። ከዚያ እንደ ልማዳቸው ወደ እኔ ዞሩና «አስካለ ትቅመስ፤ እኔ ጾም ነኝ» አሉ።

ከድር ዓይኑን አፈጠጠ። «ምን አሉ? አክስቴ፣ ዒዱ እኮ ገና አላለቀም! በአረፋ ማግስት ይጾማል እንዴ? ሐራም አይደለም?»

ከተሰበሰበው ሰው ሙስሊሞቹ እርስ በርስ ተያዩ። እኔ ክልክል መሆኑን ያኔ ነው ያወቅኩት። ባይ፣ የእትዬ ዘይነባ ፊት አመድ መስሏል። «ረስቼው ነው» ሊሉ ይችሉ ነበር። ነክተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው፣ የፈለጉትን ቢናገሩ ማንም አይጠራጠራቸውም። ትንሿ ጣታቸው እስከ ባልዲው አፍ ድረስ ሄደች። እዚያ ቆመች። ከዚያ ሰብስበው ሻርፓቸው ውስጥ ከተቷት።

«የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም» አሉ ቀስ ብለው። ቀጥለው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። «ጾም አይደለሁም፤ ዋሸሁ። ከታመምኩ ወዲህ ምላሴ ማሩንና አፈሩን አይለይልኝም። ሰው እንዳይሸሸኝ ፈርቼ ደበቅኩ። ውሸት እንዳይሆንብኝ ደግሞ ማር በመጣ ቀን ሁሉ እውነትም እጾም ነበር። ዛሬ ግን መጾም አይፈቀድልኝም። በዚህ ሰው ስም ላይ ደግሞ በማላውቀው ነገር አልመሰክርም። ወላሂ አልመሰክርም።»

ከድር ባልዲውን መሬት አስቀመጠ። እሳቸው ወደ እኔ ዞሩ፦ «አሁን ቅመሽ። ጮክ ብለሽ፣ ሁሉም እየሰማ ንገሪኝ።»

በጣቴ ነክቼ አፌ ውስጥ ከተትኩት። «ይቀዘቅዛል» አልኩ።

«ቀጥዪ።»

«ደቃቅ ነው፤ እንደ ቅቤ ይሟሟል።»

«ጣዕሙ ቶሎ መጣ?»

«አልመጣም፤ ዘገየ። መጣና ቆየ።»

«ስኳር ቶሎ መጥቶ ቶሎ ይሄዳል» አሉ ለሰዉ። ከዚያ ለእኔ፦ «ሽታውስ?»

«ሣር ሣር ይላል፤ ዝናብ ያገኘው መስክ። ሲወርድ ደግሞ ጉሮሮዬን ትንሽ ያዝ አደረገኝ።»

ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር። ገለጡት። «ጋሽ ደምሴ፣ ቀፎዎ መስክ ዳር ነው? በመስከረም ከሣሩ መሀል ማገጥ ያብባል?»

«ከማገጥ በቀር ምን አለ! ከብቱም ንቡም እሱን ነው የሚበላ።»

«የማገጥ ማር ነው» አሉ እትዬ ዘይነባ። «ነጭ ነው፣ ሲቆይ ይረጋል። የጣርማ በር ብርድ ነው ያረጋው። የእኛ ሰው ቀልጦ የሚፈሰውን የግራር ማር ስለለመደ ስኳር መሰለው። ከድር፣ ራስህ ቅመሰው፤ አሁን የነገረችህን እያሰብክ ቅመሰው።»

ከድር ቀመሰ። ጉሮሮውን በእጁ ነካ አደረገ። ለጋሽ ደምሴ አንገቱን ደፋላቸው፤ ባልዲውን ተሸክሞ ወደ ሱቁ ተመለሰ። ጋሽ ደምሴ ሊሄዱ ሲሉ የእትዬ ዘይነባን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ። «ክረምቱ ይለፍልዎ» ብለው ወጡ።

በዚያ ሰሞን የሸሿቸው ሰዎች ነበሩ። «ስንት ጊዜ ሲያታልሉን!» ያሉም አልጠፉም። እሳቸው መቀመጫ ዱካ አስመጡና አጠገባቸው አስቀመጡኝ። ለመጣው ገዥ ሁሉ ሳይጠየቁ «እኔ አልቀምስም። ቀማሿ እሷ ናት፣ እኔ አገሩን ነው የማውቀው» ይሉታል። ምሳ መብላት ጀመሩ። ሰውነታቸውም ተመለሰ። ሰዉም ቀስ በቀስ ተመለሰ፤ አንዳንዱ ሁለት ሴቶች ስለ ማር ሲጨቃጨቁ ለማየት ብቻ ይመጣ ነበር። ጋሽ ደምሴ በየዓመቱ ማር ሲቆርጡ መጀመሪያ ወደ እኛ ነበር የሚያመጡት።

በመጨረሻው ዓመት እትዬ ዘይነባ ደከሙ፤ ከሱቅ ቀርተው ቤት ዋሉ። ከሰዓት በኋላ ማር በማንኪያ ይዤላቸው እሄዳለሁ። የሚሸጥ ነገር የለም፣ የሚፈረድለትም የለም። «የግራሩን አመጣሽልኝ?» ይላሉ። «አዎ።» «በይ ንገሪኝ። ቀስ ብለሽ።» እቀምስና እነግራቸዋለሁ፤ እንዴት እንደሚለሰልስ፣ እንዴት ምንም ሳይጎረብጥ እንደሚያልፍ። ግራ ዓይናቸውን ጨፍነው ምራቃቸውን ይውጣሉ። አንድ ቀን ስጨርስ «አልሐምዱሊላህ፣ ጠገብኩ» አሉኝ። እወዳቸው ነበር። ይህን ለእሳቸው ነግሬያቸው አላውቅም፤ የነገርኳቸው የማር ነገር ብቻ ነው።

ከተቀበሩ በኋላ ሱቁን ከድር ያዘው። በሦስተኛው ሳምንት ግድም በጓሮ በር ብቅ አለና «አስካለ፣ ጋሽ ደምሴ መጥተዋል፤ እስቲ ምላስሽን ይዘሽ ነይ» አለኝ። የአክስቱን ቃል መናገሩን ያወቀም አይመስለኝም።

ሄድኩ። ጋሽ ደምሴ ለቅሶ ደርሰው፣ እግረ መንገዳቸውን ማር ይዘው ነበር። ዱካዬ ቦታው ላይ ነው። ሁለት ገዥዎችም ቆመዋል፤ ሁሉም ወደ እኔ ያያል። በጣቴ ነክቼ ምላሴ ላይ አኖርኩት።

ምንም የለም። ጫፌንም ጎኔንም አልነካኝም። ጠበቅኩት፤ አልመጣም። ወፍራም ነገር አፌ ውስጥ ተኝቶ ነበር፣ ዋጥኩት። ጉሮሮዬም ዝም አለ። ለቅሶ ቤት የበላሁት ሽሮ ትዝ አለኝ፤ ከዚያ ወዲህ የበላሁት ሁሉ ትዝ አለኝ።

«እህ?» አሉ ጋሽ ደምሴ።

«ከድር ይቅመስልኝ» አልኩ። «እኔ ጾም ነኝ።»

ጋሽ ደምሴ ግራ ገብቷቸው አዩኝ። «በሃምሳው ጾም?»

ከድር ግን ገብቶታል። ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ጋሽ ደምሴ እሱን አዩ፣ እኔን አዩ፣ ከዚያ የባልዲውን ክዳን ቀስ ብለው ገጠሙት።

«ግድ የለም» አሉኝ። «ማር አይበላሽም። ስትፈቺ ትቀምሺዋለሽ።»

ያን ጊዜ አለቀስኩ። መናኸሪያው ፊት ለፊት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ ከደሴ የመጣው መኪና ሰው እያራገፈ፣ እሳቸው ባስቀመጡኝ ዱካ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ።